የእንግዳው ተማሪና የእኛ ፈንታ

በየዓመቱ መስከረም ጠብቶ የትምህርት ቤት በር ሲከፈት፣ በዕረፍት ሰዓት ከግንብ ጥግ ተጠግተው የሚቆሙ፣ ደወል ሲደወል ወዴት እንደሚሮጡ የሚጠፋቸው፣ ስማቸው ሲጠራ «አቤት» ማለትን ገና ያልለመዱ ልጆች ከነባሮቹ ተማሪዎች መካከል ይታያሉ። እነዚህ ልጆች ሰነፎች አይደሉም፤ እንግዶች ናቸው። ጦርነትና ችግር ከሱዳን፣ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያና ከኤርትራ ነቅሎ ያመጣቸው ናቸው። በአገራችን ዛሬ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ ስደተኞች ተጠግተው ይኖራሉ። የሚበዙት በጠረፍ አካባቢ ባሉ መጠለያዎች ቢሆኑም፣ እዚህ በአዲስ አበባ ቤት ተከራይተው ልጆቻቸውን ከታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር ወደ አንድ ትምህርት ቤት የሚልኩም ጥቂቶች አይደሉም።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ አጭር ነው። ለእነዚህ ልጆች መንግሥት አለላቸው፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አለላቸው፣ መምህር አለላቸው ብለን እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ ይገባናልን?

ሕጉ የሚያሳፍር አይደለም። የአፍሪቃ አንድነት ድርጅት የስደተኞችን ጉዳይ የሚመለከተውን ስምምነት ያጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ላይ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110ም በቅድመ መደበኛና በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ረገድ ስደተኛው ልጅ ከኢትዮጵያዊው ልጅ እኩል እንዲታይ ደንግጓል። ይሁን እንጂ አዋጅ በር ይከፍታል እንጂ ልጁን እጁን ይዞ ወደ ክፍል አያስገባም። ከበሩ ወዲያ ያለውን ችግር ለመረዳት ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

እስቲ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የመጣውን የሱዳን ልጅ እንመልከት። ይህ ልጅ 28 ፊደላት ተምሮ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲጽፍ ኖሯል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ከሀ እስከ ፐ 231 ፊደላት ይጠብቁታል፤ አጻጻፉም ከግራ ወደ ቀኝ ነው። «ነገ በ2 ሰዓት ና» ቢሉት እንደ አገሩ አቈጣጠር ከቀትር በኋላ፣ በእኛ 8 ሰዓት ሲሆን ይመጣል፤ ግማሽ ቀን ትምህርት ያመልጠዋል፤ በዚያም ላይ አረፈድህ ተብሎ ይቀጣል። የልደቱ ዘመን እንኳ ጠላት ይሆንበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተወለደ ልጅ ዘመኑ ሳይመነዘር «2013 ዓ.ም.» ተብሎ ከተመዘገበ፣ ዕድሜው በአንድ ብዕር ጭረት 7 ወይም 8 ዓመት ይቀነስበታል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው ግን የሒሳቡ ነገር ነው። ልጁ በለመደው የአረብኛ አኃዝ አምስት የእኛን ዜሮ ትመስላለች፤ ስድስት የእኛን ሰባት ትመስላለች፤ ዜሮ ደግሞ ነጥብ ናት። እንግዲህ ልጁ ሒሳቡን በትክክል ሠርቶ፣ መልሱን 50 ብሎ በለመደው አኃዝ ቢጽፍ፣ መምህሩ የሚያየው አንድ ዜሮና አንድ ነጥብ ነው። በ60 ተማሪዎች ደብተር ላይ ያጎነበሰ መምህር ይህን መርምሮ እንዲደርስበት መጠበቅ አይቻልም። እርማቱን አድርጎ ያልፋል። በዚህ ዓይነት የሚያውቅ ልጅ የማያውቅ ተብሎ ይቈጠራል፤ ሲደጋገምበትም እርሱ ራሱ አላውቅም ማለትን ይለምዳል።

የኤርትራው ልጅ ፈተና ሌላ ነው። ትግርኛው የሚጻፍበት ፊደል የእኛው ፊደል ስለ ሆነ፣ መጽሐፉን ሲሰጡት ሳይደናቀፍ ያነባል። ሲያነብ የሰማው ሁሉ አማርኛ ያውቃል ብሎ ያልፈዋል። ድምፁን ግን አነበበ እንጂ ምሥጢሩ አልገባውም፤ አልገባኝም ብሎ እጁን ለማውጣትም ያፍራል። በዕረፍት ሰዓት ደግሞ ስለ መንግሥታት ጠብ መልስ እንዲሰጥ የሚጠይቀው አይጠፋም፤ እርሱ የጀመረው ጠብ ያለ ይመስል። የደቡብ ሱዳኑም ልጅ በእንግሊዝኛ ጥቂት ሲማር ቈይቶ፣ አማርኛ አታውቅም ተብሎ በ13 ዓመቱ ከ8 ዓመት ሕፃናት ጋር ይቀመጣል። ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር አይገባም። እንዲህ ያለውን ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያስወጣው የቀለሙ ክብደት ሳይሆን ኀፍረቱ ነው።

እነዚህን ነገሮች ደብተርና እስክሪብቶ አያቃናቸውም። የሚያቃናቸው ከልጁ ጎን የሚቀመጥ፣ «ይህ አምስት ነው፤ ልጁ ትክክል ነው» ብሎ ለመምህሩ የሚያስረዳ፣ ከትምህርት ቤቱ የተላከውን ማስታወቂያ ለእናቱ የሚያነብላት፣ ሰዓቱንና ወሩን የሚመነዝርለት አንድ የአገሩ ሰው ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለምን? በትምህርት ቤት ውስጥ ያለውን ያልተጻፈ ሕግ ከእኛ ይልቅ በቅርቡ ያለፈበት ማን ነው?

ተማሪ ከግቢው ወጥቶ ቢያገለግል አዲስ ነገር አያመጣም። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀድሞዎቹ ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርደው የሚበዙት በመምህርነት አገልግለዋል። ከዚያም ቀደም ሲል፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከሌሎች የአፍሪቃ አገሮች በነጻ ትምህርት የመጡ ወጣቶች ከእኛዎቹ ጋር አብረው ተምረዋል፤ አብረው ኖረዋል። እንግዶቹ ስለ አፍሪቃ ነጻነት ይዘውት የመጡት ወሬ የኢትዮጵያን ተማሪ አሳብ እንዳሰፋው የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። እንግዳን መቀበል የሚጠቅመው እንግዳውን ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ከውጭ አገርም የምንማረው አለ። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1974 በቫይስማን የሳይንስ ተቋም የተጀመረ «ፐራሕ» የሚባል ሥራ አለ። በዚህ ሥራ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ለአንድ ሕፃን ተመድቦ ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ያገኘዋል፤ ያስጠናዋል፤ አብሮት ይጫወታል። በለውጡም ከትምህርት ክፍያው ከፊሉ ይቀነስለታል። በዚህ መንገድ ከተረዱት መካከል ከአገራችን ወደዚያ የሄዱ ቤተሰቦች ልጆች ይገኙበታል። ይህ ሥራ የጸናው የተማሪዎቹ ልብ ከእኛ ልብ ስለሚራራ አይደለም፤ ርኅራኄውን በቀጠሮና በውል ስላሰሩት ነው።

ስለ ውለታም ከተነሣ፣ በ1970ዎቹ ዓመታት ከጦርነትና ከረሃብ የሸሹ ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ከአገራችን ወጥተው የተጠጉት በሱዳን ነበር። በገዳሪፍና በካርቱም ተቀምጠው፣ ከሱዳኖች ጋር ውሃ ቀድተው፣ ልጅ አሳድገዋል። ዛሬ የዚያ አገር ልጆች በእኛ ደጅ ቆመዋል። ብድር በምድር ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

አንዳንድ ጓደኞቻችን የሚያቀርቡትን ተቃውሞ እናውቃለን። የመጀመሪያው «ጊዜ የለንም» የሚል ነው። እኛ የምንጠይቀው በሳምንት ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ይኸውም ከ168 ሰዓት ውስጥ አራቱን ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ለአውሮፓ እግር ኳስ ሁለት ጨዋታ የምንሰጠው ጊዜ ከዚህ አይተናነስም፤ ለዚያ ጊዜ አጣሁ ብሎ ያማረረ ተማሪ ደግሞ አልሰማንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። «ከገዛ ቀያቸው የተፈናቀሉት የእኛዎቹ ልጆች እያሉ ለውጭ ሰው እንዴት እናስቀድማለን?» ይላሉ። ይህ የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። ነገር ግን ከአንድ ክልል ወደ ሌላው ተፈናቅሎ የመጣው ልጅ የሚቸገረው በምንድን ነው? እርሱም ማስረጃው ጠፍቶበታል፤ የሚማርበት ቋንቋ ተለውጦበታል፤ ዕድሜው ከክፍሉ ገፍቷል። ለአንዱ የምንማረው ዘዴ ለሌላውም ይሆናል። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ስንደርስ የምንጠይቀው «ስደተኛ ማን ነው?» ብለን ሳይሆን «አዲስ የመጣ፣ ብቻውን የሚቆም ማን ነው?» ብለን መሆን አለበት። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ይህን ተቃውሞ አጥብቀው ከሚናገሩት ብዙዎቹ ለተፈናቃዩም ልጅ ሲደርሱ አይታዩም።

የእኛ ፍርሃት ከሁለቱም የተለየ ነው። በአገራችን የበጎ ሥራ ልማድ አንድ ደዌ አለበት፤ እርሱም የአንድ ቀን በሽታ ነው። አንድ ማኅበር ይነሣል፤ ቲሸርት ያሳትማል፤ ደብተር ያድላል፤ ከሕፃናት ጋር ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከዚያም የፈተና ሰሞን ሲደርስ ይጠፋል። ለሌላው ሰው ይህ ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል። ቤቱን፣ ጎረቤቱን፣ ምናልባትም አባቱን ላጣ ልጅ ግን «ማክሰኞ እመጣለሁ» ብሎ መቅረት ቀላል አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ከመጀመሪያውም ባይሄድ ይሻላል። መቶ ሆነን አንድ ቀን ከምንሄድ፣ ዐሥር ሆነን ዓመቱን ብንዘልቅ እንመርጣለን።

በዚህ መሠረት ለማኅበራችን የምናቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው። ለአንድ ልጅ ሁለት ተማሪዎች ይመደቡ፤ አንዱ ፈተና ሲኖርበት ሌላው ይሂድ፤ ቀጠሮው ግን አይጓደል። ሥራው ከጥቅምት እስከ ሰኔ የሚቈይ ይሁን፤ የሚገባ ሰውም ይህን አውቆ ይፈርም። ከመምህሩ ጋር ተመካክረን እንሥራ እንጂ በመምህሩ ቦታ አንቁም። በልጁ ክፍል ከሚማሩት አንድ ደግ ባልንጀራ እንፈልግለት፤ ምክንያቱም እኛ በሳምንት አራት ሰዓት ስንገኝ፣ ባልንጀራው በየዕረፍቱ አብሮት ነው። ስለ ጦርነቱ ልጁ ራሱ ካላነሣ አንጠይቀው። ፎቶግራፍም አይነሣ። ከዚህም ሌላ፣ በስደት መጥተው በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚማሩ ጓደኞች ስላሉ፣ በዚህ ሥራ ተረጂዎች ሳይሆኑ መሪዎቻችን ይሁኑ፤ መንገዱን በእግራቸው ያውቁታልና።

በተለይም እኛ የሥነ ጥበባት ፋኩልቲ ተማሪዎች ቋንቋ እናጠናለን፣ ታሪክ እናጠናለን እንላለን። ከሱዳኑ ልጅ በየቀጠሮው አምስት የአረብኛ ቃል፣ ከኤርትራው ልጅ አምስት የትግርኛ ቃል ብንማር፣ ልጁ ተማሪ ብቻ ሳይሆን አስተማሪም ይሆናል። ሁልጊዜ ተቀባይ ሆኖ መኖር አንገት ያስደፋል፤ የሚሰጠው ያለው ልጅ ግን ቀና ብሎ ይሄዳል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። ማኅበራችን በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ይህን አሳብ በአጀንዳው ላይ እንዲያውልልን እንጠይቃለን። የምዝገባው ደብተር በተከፈተ ቀን ስማችንን የምንጽፍ፣ ሰኔ እስኪገባ ድረስ ማክሰኞን ማክሰኞ የምናደርግ ብቻ እንሁን።