የጨረቃን ዕድሜ የማይጽፍ የመስክ መዝገብ

በሐይቅ ዳር መረብ ጥሎ የሚያድር ዓሣ አጥማጅ ወደ ውኃው ከመውረዱ አስቀድሞ ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። እኛ ተመራማሪዎች ግን በዚያው ዳርቻ ናሙና ስንወስድ ቀኑን፣ ጣቢያውን፣ የውኃውን ሙቀትና የመረቡን ዓይን ስፋት እንጽፍና ጨረቃን እንዘላለን። ይህ ጉድለት ጥቃቅን ቢመስልም፣ የሐይቆቻችን ዓሣ ጨመረ ወይስ ቀነሰ በሚለው ፍርዳችን ላይ ስሕተት ሊያስገባ የሚችል ነው የሚል አቋም አለኝ።

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በባሕር ዳርቻ ጨረቃ በሁለት መንገድ ትሠራለች፤ በብርሃኗና የባሕሩን ውኃ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ስበቷ። ከፍተኛው የውኃ ሙላትና ጉድለት በሙሉ ጨረቃም፣ ጨረቃ በምትወለድበት ጊዜም ይከሠታል፤ ብርሃኑ ግን በሁለቱ ጊዜያት ፍጹም ተቃራኒ ነው። በጣና ወይም በሐዋሳ ሐይቅ የስበቱ ውጤት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ስለ ባሕር ዓሣ ማጥመድ የተጻፈውን ሁሉ ወደ ሐይቅ ማምጣት አይገባም፤ በሐይቅ ዳር ሊመረመር የሚገባው በዋናነት ብርሃኑ ነው።

የብርሃኑ ልዩነትም ቀላል አይደለም። በጠራ ሰማይ የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ከ0.1 እስከ 0.3 ሉክስ ሲደርስ፣ በከዋክብት ብቻ የሚበራ ሌሊት 0.001 ሉክስ አካባቢ ነው። ይህን የመቶ እጥፍና ከዚያም በላይ የሆነ ልዩነት ዓሣውም፣ ዓሣው የሚመገባቸው ደቂቅ ፍጥረታትም ይለዩታል። በታንጋኒካና በቪክቶሪያ ሐይቆች በመብራት ትናንሽ ዓሦችን የሚያጠምዱ ሰዎች በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ሥራቸውን የሚቀንሱት ወይም የሚያቆሙት የፋኖሳቸው ስበት በጨረቃዋ ብርሃን ስለሚደክም ነው። ግሊዊች በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በሞዛምቢክ የካሆራ ባሳ ግድብ ውኃ ውስጥ ያሉ ደቂቅ እንስሳት ቁጥር ከጨረቃ ዑደት ጋር እንደሚወጣና እንደሚወርድ አሳይቷል። ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ባሉት ሌሊቶች እንስሳቱ በጨለማ ተማምነው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ዘግይታ የምትወጣው ጨረቃ ድንገት ስታበራባቸው ለዓሣ ሲሳይ ይሆናሉ።

ለዳር መረብ ደግሞ ጨረቃ በሁለት አቅጣጫ ልትሠራ ትችላለች። በብርሃን መረቡ ይታያል፤ ዓሣውም ይሸሻል። በዐይኑ አድኖ የሚበላ ዓሣ ግን በዚያው ብርሃን ይበልጥ ሊንቀሳቀስና ሊያዝ ይችላል። በአፉ ጢሞች እየዳሰሰ በጨለማ የሚመገበው አምባዛ ከቆረሶ ጋር አንድ ዓይነት ምላሽ ይሰጣል ብሎ መገመት አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። የጨረቃ ወር በአማካይ 29.53 ቀን ነው፤ የእኛ ወር ደግሞ 30 ቀን። አንድ ተማሪ በየወሩ በ15ኛው ቀን ናሙና ይወስዳል እንበል። መስከረም 15 ሙሉ ጨረቃ ከነበረች፣ እስከ ነሐሴ 15 ድረስ ናሙናው ከሙሉ ጨረቃ የሚርቀው 5 ቀን ያህል ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ የተለካው እንግዲህ ብርሃናማው ሌሊት ብቻ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም 15 ግን ጨረቃ 11 ቀን ያህል ገፍታ ልትጠፋ የተቃረበች ስስ ማጭድ ትሆናለች፤ የዚያ ዓመት ናሙናም በአብዛኛው የጨለማ ሌሊት ናሙና ይሆናል። በጨለማ ይበልጥ የሚያዝ ዝርያ ከሆነ፣ በሐይቁ አንድም ዓሣ ሳይጨመር «ምርቱ ጨመረ» ተብሎ ይጻፋል፤ የዓመታቱ ቅደም ተከተል ቢገለበጥ ደግሞ «ቀነሰ» ይባላል። በዚህ ፍርድ ላይ ተመሥርቶ የማጥመጃ ጊዜ ሊታገድ ወይም ሊፈቀድ ይችላል፤ ዕዳውን የሚከፍለውም ወይ አጥማጁ ነው፣ ወይ ሐይቁ።

ደመናና ደለል የጨረቃን ብርሃን ስለሚያጠፉ ነገሩ ለእኛ ሐይቆች አያሳስብም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፣ በክረምት ጣና ደፍርሶ ሰማዩም ሲዳምን ውጤቱ ሊደክም ይችላል። ነገር ግን ይህ ራሱ ችግሩን ያብሰዋል፤ በበጋ የሚሠራ፣ በክረምት የማይሠራ ምክንያት ከወቅቱ ለውጥ ጋር ተቀላቅሎ ሁለቱን መለየት ያቅታል። ውጤቱ ኢምንት ነው የሚልም ካለ፣ ኢምንትነቱን ማሳየት የሚችለው ከመዘገበው ብቻ ነው።

የማቀርበው ሐሳብ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በመስክ መዝገባችን ላይ የጨረቃ ዕድሜ፣ መረቡ ውኃ ውስጥ በቆየባቸው ሰዓታት ጨረቃ ከአድማስ በላይ የነበረችበት ጊዜ፣ የደመናው ሽፋንና የውኃው ጥራት ይጨመሩ። የመውጫና የመጥለቂያው ሰዓት መጻፉ ግድ ነው፤ ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ስለምትዘገይ፣ ግማሽ ጨረቃ ከመንፈቀ ሌሊት በፊት ወይም በኋላ ብቻ ልታበራ ትችላለችና። ከ12 ሌሊት በላይ የሚሠራበት በጀት የሌለው ተማሪም ለእያንዳንዱ ወቅት ከሚደርሱት ሦስት ሌሊቶች አንዱን በጨለማ፣ አንዱን በግማሽ፣ አንዱን በሙሉ ጨረቃ ያድርግ። የሌሊቱ ቁጥር ያው ነው፤ የሚለወጠው ቀጠሮው ብቻ ነው።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የፀሐይ ዓመት ከ12 የጨረቃ ወራት በ11 ቀን እንደሚበልጥ ተረድተው አበቅቴን ቀምረው አቆይተውልናል። በበዓላት ቀመር ለዘመናት ስንጠቀምበት የኖርነውን ይህን ልዩነት በናሙና ዕቅዳችን ላይ መዘንጋታችን የሚያስቆጭ ነው። አማካሪዎችና ፈታኞች ለሚቀርብላቸው የሌሊት ዓሣ ጥናት ሁሉ «ጨረቃ በዚያ ሌሊት የት ነበረች?» የሚለውን ጥያቄ ቢያስቀድሙ፣ መዝገባችን በአጭር ጊዜ ውስጥ ይታረማል።