መዝሙር በመስኮት በኩል

የበዓል መዝሙር በቴሌቪዥን ሲተላለፍ በቤቱ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ዘማሪ ነው ወይስ ተመልካች? ይህ ጥያቄ የኮሮና ወረርሽኝ ከገባ ወዲህ ከብዙ ወላጆች አፍ ተሰምቷል። ጥያቄውም ተገቢ ነው፤ ልጆቻችን ከዚህ መሣሪያ ፊት ዝም ብሎ መቀመጥን ከለመዱ ቆይተዋልና። ነገሩን በሚገባ ለመመልከት ግን ይህ ልማድ በሰፊው ከሚሠራበት ከአውስትራልያ፥ ከሜልቦርን ከተማ ብንነሣ ይሻላል። የራሳችን መሆኑ ካልተነገረ በቀር ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1937 ዓ.ም. በልደት ዋዜማ ሌሊት ኖርማን ባንክስ የተባለ የራዲዮ አስተዋዋቂ ሥራውን ፈጽሞ ወደ ቤቱ ሲሄድ፥ አንዲት አረጋዊት ሴት ብቻቸውን ሆነው ፊታቸው በሻማ ብርሃን እየታየ ከራዲዮው ጋር አብረው ሲዘምሩ በመስኮት በኩል አየ። ይህን ሌሊት እንደ እኒህ እናት ብቻውን የሚያሳልፈው ሰው ስንት ይሆን? ሲል ዐሰበ ይባላል። በሚከተለው ዓመት፥ በ1938 ዓ.ም.፥ የከተማውን ሕዝብ ወደ አሌክሳንድራ የአትክልት ሥፍራ ጠራ፤ አሥር ሺህ ያህል ሰውም ሻማ ይዞ መጣ። ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ ጉባኤው ሲድኒ ማየር በሚባለው የሙዚቃ አደባባይ ይደረጋል፤ ገቢውም ዓይነ ስውራንንና ማየት የሚቸግራቸውን ለመርዳት ይውላል። በዚያ አገር ታኅሣሥ የበጋ ወር ስለሆነ ቤተሰቡ ምንጣፉንና ስንቁን ይዞ በሣሩ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጠባበቃል። በየቤቱ ያለውም ሰው በቴሌቪዥን ይከታተላል።

እንግዲህ ልብ ማለት የሚገባን አንድ ነገር አለ። ይህን ሁሉ ሕዝብ የሰበሰበው ብቻቸውን በራዲዮ ይሰሙ የነበሩ አንዲት ሴት ናቸው። ጉባኤው ከመኖሩ በፊት መስኮቱ ነበረ ማለት ነው።

በ2020 ዓ.ም. ሜልቦርን ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ለ112 ቀናት ተዘግታ ነበር። ለጊዜውም ነዋሪው ከቤቱ ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይርቅ፥ ሌሊትም እንዳይወጣ ተከልክሎ ነበር። የልደት ዋዜማ ሲደርስ በሽታው በከተማው ጋብ ያለ ቢሆንም፥ ሕዝቡ እንደ ወትሮው ወደ ሣሩ አልተጠራም፤ መዝሙሩ በቴሌቪዥን ተላለፈ። አንዳንዱ ይህን ጥንቃቄ ከልክ ያለፈ አድርጎ ተመለከተው። ነገር ግን መዝሙርና ይህ በሽታ ምን ያህል እንደሚገናኙ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት 10 ቀን በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት በስካጂት ወረዳ 61 ሰዎች ለመዝሙር ልምምድ ተሰብስበው ነበር። የሕመም ስሜት የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ልምምዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየ፤ ከዚያ በኋላ ታመው የተገኙት እርሱን ጨምሮ 53 ሆኑ፥ ሁለቱም ሞቱ። የሚዘምር ሰው አየር በጥልቅ እየሳበ በኃይል ስለሚያስወጣ፥ ለዓይን የማይታይ ረቂቅ ነጠብጣብ ከትንፋሹ ጋር ይወጣል፤ ያ ነጠብጣብ በተዘጋ ቤት ውስጥ ተንሳፎ ይቆያል። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የኪንግስ ኮሌጅ ጸሎት ቤትም፥ ከ1918 ዓ.ም. ጀምሮ በልደት ዋዜማ ሲደረግ የኖረው የንባብና የመዝሙር ሥርዐት በ2020 ዓ.ም. ያለ ምእመናን ተደረገ።

መዘምራኑ ራሳቸው መሰብሰብ ያልቻሉባቸው ሥፍራዎች ደግሞ ሌላ ዘዴ አገኙ። እያንዳንዱ በቤቱ በጆሮ ማዳመጫ ዜማውን እየሰማ ድምፁን ብቻውን ይቀዳል፤ ባለሙያውም በኋላ ሁሉን ባንድነት ይገጥመዋል። በቀጥታ አብሮ መዘመር ያልተቻለው ድምፅ በኢንተርኔት ሲሄድ ጥቂት ስለሚዘገይ ነው። መዘግየቱ ከሰከንድ እጅግ ያነሰ ቢሆንም ዜማን ለማፋለስ ይበቃል። የእኛን ማኅሌት የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ሊቃውንቱ ፊት ለፊት ቆመው፥ አንዱ የሌላውን ጸናጽልና መቋሚያ በዓይኑ እየተከተለ፥ ከበሮው ሲመታ አብሮ የሚወዛወዘው ማኅበር በየቤቱ ተበትኖ ምን ሊሆን ይችላል? በላሊበላ በልደት ቀን ካህናቱ ከቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው የዐለት አፋፍ ላይና ከታች ከአጸዱ ሆነው የሚቀባበሉት ዜማ አየሩን ካልተካፈሉ አይገኝም።

በእኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ምእመናን የትንሣኤን በዓል በየቤታቸው ሆነው ጸሎቱን በቴሌቪዥን እንዲከታተሉ ተደርጎ ነበር። ያን ጊዜ በአንዱ ቤት እናት ጧፍ አብርተው ነጠላቸውን አጣፍተው ሲቆሙ፥ በሌላው ቤት ቡና እየተጠጣ ወሬ ይወራ ነበር፤ መሣሪያው ግን ለሁለቱም አንድ ነበር። ቅዱስ ቍርባን በሥዕል እንደማይታደል የታወቀ ስለሆነ ስለ ቅዳሴው እዚህ አንከራከርም። የገና መዝሙር ጉባኤ ግን ምሥጢር አይደለም፤ ስለሆነም ከርቀት ሲሰማ የሚጎድለው ያነሰ ነው። የሚጎድለው የሰሚው የራሱ ድምፅ ነው። በአደባባይ ከሺህ ሰው መካከል የቆመ ሰው ዜማ ባያውቅ እንኳ አብሮ ያጉረመርማል፤ በሳሎኑ ግን ድምፁን ልጆቹ እንዳይሰሙበት ያፍራል። ለዓይነ ስውሩማ ጉዳቱ ይበልጣል፤ ጉባኤው የቆመው ለእርሱ መርጃ ሆኖ ሳለ፥ በዙሪያው ይሰማው የነበረው የሕዝብ ድምፅ ሲጠፋ ለዓይን የተዘጋጀ ሥዕል ብቻ ይቀርብለታል።

ሆኖም በዚያ ዓመት «ዘንድሮ በዓል የለም» እያለ ያዘነው አብዛኛው ጤነኛው ነበር። አልጋ ላይ የዋለው፥ በሽተኛ የሚያስታምመው፥ በሆስፒታል ሌሊቱን ተረኛ የሆነው፥ ልጆቹ ርቀው የሄዱበት ሽማግሌ ግን ከወረርሽኙ በፊትም በዓሉን በመስኮት በኩል ነበር የሚያየው። በኋላ ሕዝቡ ወደ አደባባዩ ሲመለስ እነርሱ ባሉበት ቀርተዋል።

ስለዚህ በቤት የሚደረገውን አንናቅ። መዝሙሩ የሚተላለፍበት ቀን ሲደርስ የመዝሙሩ ቃል አስቀድሞ በወረቀት ተጽፎ ለልጆች ይሰጥ፤ አባት ወይም እናት መጀመሪያ ድምፃቸውን ያሰሙ፤ ሁሉም ይነሣ። ለአያት ስልክ ተደውሎ አብሮ ለመዘመር ቢታሰብ፥ ከላይ በተናገርነው መዘግየት ምክንያት ስለማይገጥም እየተቀባበሉ ቢዘምሩ ይሻላል፤ አንድ አንጓ እርሳቸው፥ አንድ አንጓ ልጆቹ። በሜልቦርን ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ገናቸው ከከተማው ገና ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ይመጣል፤ በዚያ ወቅት ሰዓታቸው ከአዲስ አበባ በስምንት ሰዓት ስለሚቀድም፥ እዚህ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚያ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። የአገር ቤቱን ማኅሌት በቀጥታ የሚከታተል ሰው ልጁን ለጠዋት እያሰናዳ፥ ራሱም ወደ ሥራ ለመውጣት እየተጣደፈ፥ ስልኩን በማዕድ ቤቱ መስኮት ላይ አቁሞ ይሰማል።