ቀን ያልተቆረጠለት ጨዋታ

ኩባዊው ካፓብላንካ ከ1921 እስከ 1927 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን ነበር። በ1942 አረፈ፤ ኩባ ከ1962 ጀምሮ በስሙ መታሰቢያ ውድድር ታካሂዳለች። በ1965 አሜሪካ ቦቢ ፊሸርን ኩባ እንዳይሄድ ከለከለችው። እሱ ግን ኒውዮርክ ተቀምጦ በቴሌክስ ተጫወተ። መታሰቢያው ሳይቋረጥ ክልከላውን አለፈ።

እኛስ? የራሳችን ሰንጠረዥ ነበረን። አጀማመሩ «ወረራ» ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት አይቶ ጽፏል። ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 ታሪኩንና ሕጉን በጥናት አስቀምጠዋል።

ሕጉ ወረቀት ላይ አለ። ተጫዋች ግን ከወረቀት አይወለድም፤ ቀጠሮ ይፈልጋል። የይፋግ ሰው ይህን ያውቃል። ከተማዋ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በገበያዋ ስሟ የገነነው ነጋዴው ቀኑን አውቆ ስለሚመጣ ነው። ሰንጠረዥም እንደ ገበያ ቀን ይቆረጥለት። ሐውልት አያስፈልግም፤ ገበታ፣ ጠጠርና በየዓመቱ የማይቀር አንድ ቀን ይበቃል።

«በማን ስም?» ትሉ ይሆናል። ስሙ ይደርሳል። ጨዋታውን የሚያውቅ አዛውንት በአካባቢያችሁ ካለ፣ መታሰቢያ ከምናቆምላቸው በፊት በሕይወት ሳሉ ያስተምሩን።