ለልጆቻችን ኮርስ ከመክፈላችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ

«ሃይ-ቴክ» የሚለው ቃል በአፉላ ወላጆች ጆሮ ጣፋጭ ሆኗል። ልጆቻችን ፕሮግራሚንግ ይማሩልን፣ ጥሩ ሥራ ይያዙልን ብለን ገንዘባችንን ለኮርስ እንከፍላለን። መክፈሉን አንቃወምም። ኮርሱ ምን እንደሚያስተምር ሳይጠይቁ መክፈልን ግን እንቃወማለን። የሙያው ቃላት የእንግሊዝኛና የዕብራይስጥ ስለሆኑ የማይገባን ይመስለናል እንጂ፣ ከቁም ነገሮቹ አንዱን እህል ያከማቸ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በፕሮግራም ውስጥ መረጃ የሚቀመጠው በየዓይነቱ ነው፤ ጤፍ በጤፍ ጆንያ፣ ገብስ በገብስ ጆንያ እንደማለት። ዓይነት ከዓይነት ተደባልቆ ስሕተት እንዳይፈጠር መጠበቁ «ታይፕ ሴፍቲ» ይባላል።

ጤፍ እህል ነው። ታዲያ የጤፍ ጆንያን የእህል ጆንያ ነው ብለን ልንሰጥ እንችላለን? መልሱ እንደ ተቀባዩ ነው። እህል ቀድቶ ለሚወስድ ሰው ብንሰጠው ችግር የለም፤ የሚወጣው ሁሉ እህል ነውና። ያገኘውን እህል ለሚጨምር ሰው ከሰጠነው ግን ገብስ ይገለብጥበታል፤ ለእንጀራ ጤፍ ልትቀዳ የመጣች እናትም ገብስ ታገኛለች። የጤፉን ጆንያ በእህል ጆንያ ቦታ መቀበልን ባለሙያዎች «ኮቫሪያንስ» ይሉታል። ለማውጣት ደህና ነው፤ ለመጨመር ግን አደጋ አለው።

ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ «አሬይ» በሚለው ማስቀመጫው ይህን ሳይለይ ይፈቅዳል። ስሕተቱ የሚታወቀው ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ሳለ፣ ልክ ገብሱ ሊጨመር ሲል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ከጃቫ 5 ጋር የመጡት «ጄኔሪክስ» ግን ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር ይከለክላሉ። ሲ ሻርፕም በ2010 መስጠትንና መቀበልን የሚለዩ «አውት» እና «ኢን» የሚሉ ቃላትን ለዚሁ ጉዳይ አዋለ። ሁለቱም ቋንቋዎች ልጆቻችን ለኮምፕዩተር ሳይንስ ባግሩት ከሚማሯቸው ናቸው።

ስለዚህ ልጃችን «ኮምፕዩተሩ ስሕተት ነው እያለ አስቸገረኝ» ሲል ተስፋ አንቁረጥ፤ እሱም አይቁረጥ። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ይህንኑ ነው። ዛሬ ጠረጴዛ ላይ የተያዘ ስሕተት ነገ በደንበኛ ፊት ከሚፈነዳ ይሻላል።

ለኮርሱ ኃላፊም ጥያቄያችን ይህ ይሁን፦ «ልጃችን ኮዱን እንዲሠራለት ብቻ ነው የምታስተምሩት፣ ወይስ ለምን እንደተከለከለም ጭምር?» መልሱን ከነትምህርቱ ዝርዝር በጽሑፍ እንቀበል። ቀጣሪ በቃለ መጠይቅ የሚፈልገው ምክንያቱን ማስረዳት የሚችል ሠራተኛ ነው። የኮርስ ስም ብቻውን ሥራ አያስገኝም፤ ጆንያውም ቢሆን የሚገዛው ውስጡ ታይቶ ነው።