መሶቡን ከብፌ ላይ አውርዱት

መንግሥት በ2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» አለን። በ2017 ደግሞ የአንድ ማዕከል አገልግሎቱን «መሶብ» ብሎ ሰየመው። ስሙ ቢሮ ገባ፤ ዕቃው ግን ከቤታችን እየወጣ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ብዙ ሳሎን ስትገቡ መሶቡን የምታገኙት ብፌ አናት ላይ፣ ከፕላስቲክ አበባው ጎን፣ ባዶውን ነው። ወለሉን የያዘው ባለ መስታወቱ ትልቅ የሶፋ ጠረጴዛ ነው።

እስኪ ቦታውን እናስላው። በኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ስቱዲዮ የሚባለው ቤት ከ20 ካሬ ሜትር በታች ነው፤ ባለ አንድ መኝታው ከ20 እስከ 30። ጓዳ በሌላት አንዲት የኪራይ ክፍል ከነልጆቹ የሚኖረውማ ይህንንም አላገኘም። እዚያ ውስጥ ትልቅ ጠረጴዛ ገትረን በጎን እየተሹለከለክን እናልፋለን። ለምን ቢሉ፣ ሻይ ለማስቀመጥ!

መሶብ ሲከፈት ገበታ ነው፣ ሲከደን የእንጀራ ማስቀመጫ፤ ተበልቶ ሲያበቃ ጥግ ይይዛል። ባለ መሳቢያ ረከቦትም ስኒውን፣ ስኳሩን፣ ዕጣኑን ችሎ ከኮሞዲኖ ያልበለጠ ቦታ ነው የሚወስደው። ፈረንጆቹ ዛሬ «ማስቀመጫ ያለው ትንሽ ጠረጴዛ» እያሉ እንደ አዲስ ግኝት የሚሸጡት ይህንኑ ነው።

«መሶብ ተወደደ» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ርካሽ አይደለም። ስንደዶው ይለቀማል፣ አክርማው ይሰነጠቃል፣ አለላው ቀለም ይነከራል፤ ከዚያ በወስፌ እየተወጋ ዙር በዙር ይሰፋል። ሳምንታት የሚፈጅ የእጅ ሥራ ነው። ሣሩም ቢሆን የሚበቅለው በግጦሽ መሬትና በእርሻ ዳር ስለሆነ፣ መሬቱን ባሕር ዛፍና እርሻ በያዘው ቁጥር እየራቀ ይሄዳል። እኛ ግን ለሶፋ ጠረጴዛው የተጠየቅነውን ከፍለን፣ የጋሪውን ጨምረን እንመጣና፣ ገበያ ላይ ስፌት ይዘው የተቀመጡትን እናት «እማማ፣ ይቀንሱልን እንጂ፤ ሣር አይደል!» እንላለን። ልጃቸው ሙያውን አልወርስም ብትል ምን ይገርማል?

መሶብን እንደ ቅርስ ሳይሆን እንደ ቤት ዕቃ እንግዛው ነው የምለው። ለትልቁ ቦታ ከሌላችሁ ትንሹን እዘዙ። የሶፋችሁን ከፍታ ለክታችሁ ለባለሙያዋ ንገሯት፤ እግሩን በዚያው ልክ ትሰፋዋለች። ቀብድም ስጧት። ለአናጢው ስትሰጡ አልነበር?