ቃልን በፍቺው ወይስ በቦታው? የእንግሊዝኛ የቃል ክፍሎች ትምህርት በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

«አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ» የሚለው ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም የሚጠናቀቀው «ዩኒቨርሲቲ» በሚለው ቃል ነው። በአፋን ኦሮሞ ግን ይኸው ቃል ፊት ይቀድምና «አዳማ» መጨረሻ ላይ ይሰለፋል። ከቢሾፍቱ እስከ ሻሸመኔ በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ የተተከሉ ማስታወቂያዎችን ልብ ብሎ ላነበበ ሰው ይህ የቅደም ተከተል ልዩነት አዲስ አይደለም። የሚገርመው ተማሪው በየቀኑ የሚያየው ይህ ልዩነት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እምብዛም አለመነሣቱ ነው።

በክፍል ውስጥ የሚነሣው ብያኔ ነው። ስም የሰው፣ የቦታ ወይም የነገር መጠሪያ፤ ቅጽል ስምን የሚገልጽ፤ ግስ ድርጊትን የሚያመለክት ቃል እንደሆነ ተማሪው በቃሉ ያጠናል። ይህን ይዞ ከላይ የተጠቀሰውን የዩኒቨርሲቲ ስም ልተንትን ቢል ወዲያው ይሰናከላል። «አዳማ» የቦታ መጠሪያ ስለሆነ ስም ነው፤ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ ስለሚገልጽ ደግሞ ቅጽል ሊባል ነው። «ሳይንስ»ም እንዲሁ። ሁለቱ ብያኔዎች በአንድ ቃል ላይ ተገናኝተው ሲጋጩ፣ ስህተቱ ያለው በተማሪው ሳይሆን በመለኪያው ነው።

የእንግሊዝኛ ቃል በየትኛው ክፍል እንደሚመደብ የሚታወቀው ከፍቺው ይልቅ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ከያዘው ቦታና ከሚቀበላቸው ቅጥያዎች ነው። ለዚህ ከአካባቢው መጠሪያ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። «ታላቁ ስምጥ ሸለቆ» በእንግሊዝኛ «ግሬት ሪፍት ቫሊ» ይባላል። በአማርኛው «ስምጥ» ከ«ሰመጠ» የወጣ ቅጽል ነው። በእንግሊዝኛው ግን «ሪፍት» ስም ነው። «ግሬት» ለማወዳደሪያ «ግሬተር» ይሆናል፣ «ቬሪ»ንም ከፊቱ ይቀበላል፤ «ሪፍት» ሁለቱንም አይቀበልም፤ ይልቁንም እንደ ማንኛውም ስም የብዙ ቁጥር ምልክት ይወስዳል። ሁለቱም «ቫሊ»ን ይገልጻሉ፤ ቅጽሉ ግን አንዱ ብቻ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ተማሪው የቃሉን ፍቺ እንኳ ማወቅ አያስፈልገውም።

የመቂና የባቱ አትክልት አምራች ደግሞ ሌላ ምሳሌ በእጁ አለ። አማርኛ «የውሃ ፓምፕ» ሲል ዝምድናውን በ«የ» ያሳያል። አፋን ኦሮሞ «ፓምፒ ቢሻኒ» ሲል መሪውን ቃል አስቀድሞ የተከታዩን ቃል መጨረሻ ይለውጣል። እንግሊዝኛ ምንም ምልክት ሳይጨምር «ዋተር ፓምፕ» ብሎ ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ያቆማል። ያው «ዋተር» ደግሞ ተክል ማጠጣት ሲፈለግ ቅርጹን ሳይለውጥ ግስ ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪ «ውሃ» እና «አጠጣ»ን፣ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ «ቢሻን» እና «ኦባሱ»ን ስለሚለይ፣ አንድ ቃል ሁለት ክፍል ውስጥ ሊገባ መቻሉ ካልተነገረው በራሱ አይደርስበትም።

ግስን በድርጊት መለየትም ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም። «ሩጫ» ድርጊት ነው፤ ግስ ግን አይደለም። «ነው» ግስ ነው፤ ድርጊት ግን የለበትም። ረሃብን ለመግለጽ አማርኛ «ራበኝ»፣ አፋን ኦሮሞ «ነ ቤለኤ» ይላል። በሁለቱም መልእክቱን የተሸከመው ግስ ሲሆን የተራበው ሰው ተሳቢ ነው። እንግሊዝኛ ሰውዬውን ባለቤት አድርጎ፣ «ሀንግሪ» የሚል ቅጽል ይዞ፣ መካከላቸው «አም» ያስገባል። «አም»ን የዘነጋ ተማሪ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ የሚያውቃቸው ሁለቱም ቋንቋዎች እዚህ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ቃል አይጠይቁትም።

ጉዳዩ የሰዋስው ፈተና ነጥብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሊታለፍ ይችል ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ በኦሮሚያ ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ሲሰጥ ቆይቷል፤ በአዳማ በአማርኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም አሉ። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ግን የሁሉም ልጆች የፊዚክስ፣ የባዮሎጂና የጂኦግራፊ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው። እነዚህ መጻሕፍት ደግሞ በተደረደሩ ስሞች የተሞሉ ናቸው። «ሶይል ኢሮዥን ኮንትሮል» የሚለውን ሐረግ መሪው የመጨረሻው ቃል መሆኑን ሳያውቅ የሚያነብ ተማሪ፣ የአፈር መሸርሸርን ስለ መከላከል የተጻፈውን ስለ አፈር የተጻፈ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። የቃላቱን ፍቺ ከመዝገበ ቃላት አንድ በአንድ ቢያወጣም አይድንም።

መንገዱ በአገር ውስጥ ያልተሞከረ አይደለም። እንደ ብላታ መርስኤ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ያሉ ቀደምት ሊቃውንት የአማርኛን ቃላት በስምንት ክፍል መድበው ነበር። ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. በታተመው «የአማርኛ ሰዋስው» በቃላት ቅርጽና በሚገቡበት ቦታ ላይ ተመሥርተው ወደ አምስት አወረዷቸው። በምደባው ዝርዝር መከራከር ይቻላል፤ መለኪያውን ከፍቺ ወደ ቅርጽና ቦታ ማዛወራቸው ግን ለእንግሊዝኛ መምህርም ይበጃል። እንዲያውም አብልጦ የሚጠቅመው ለእርሱ ነው፤ የእንግሊዝኛ ቃል ከአማርኛው ይልቅ ክፍሉን በመልኩ አያሳይምና።

ሁለት ተቃውሞዎች ይጠበቃሉ። አንደኛው፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሌላ ቋንቋ መግባት የለበትም የሚለው ነው። አፍ መፍቻ ቋንቋን ከክፍል ማስወጣት ይቻል ይሆናል፤ ከተማሪው አእምሮ ግን አይወጣም፤ ሳይጠሩት ገብቶ ከሚያሳስት ተጠርቶ ቢነጻጸር ይሻላል። ሁለተኛው የበለጠ ክብደት አለው፤ ክፍሎች በተማሪ በተጨናነቁበት፣ መምህሩም ሦስቱንም ቋንቋዎች እኩል በማያውቅበት ሁኔታ ንጽጽር ቅንጦት ይመስላል። ብያኔው በአንድ ትንፋሽ ይነገራል፣ በፈተናም በቀላሉ ይታረማል። ለትንንሽ ልጆች መነሻ ቢሆን ክፋት የለውም። ሆኖም ንጽጽሩ የሦስት ቋንቋ ሊቅ መሆንን አይጠይቅም፤ መምህሩ የማያውቀውን ተማሪዎቹ ያውቁታል። «ፓምፒ ቢሻኒ»፣ «የውሃ ፓምፕ»፣ «ዋተር ፓምፕ» ተብለው በሰሌዳው ላይ አንዱ ከአንዱ ሥር ቢጻፉና መሪው ቃል የቱ እንደሆነ ተማሪዎቹ እንዲያሰምሩበት ቢጠየቁ፣ የሚወስደው ጊዜ ብያኔውን ለማስገልበጥ ከሚፈጀው አይበልጥም።