መጀመሪያ ደብዳቤያችሁን ቁጠሩ

አሜሪካ ውስጥ ትንሽ ቢሮ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በቴምብር ፋንታ ክፍያውን ፖስታው ላይ ስለሚያትመው ማሽን፣ ስለ ፖስቴጅ ሚተር፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ማሽኑን ገዝቶ የራስ ማድረግ አይፈቀድም፤ መከራየት ብቻ ነው። ሻጮቹ «ቅናሽ አለው» ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው፤ በጁላይ 2025 ተራ ደብዳቤ በቴምብር 78 ሳንቲም፣ በማሽን 74 ሆኖ ነበር። ልዩነቱ ግን 4 ሳንቲም ነው'ኮ! ኪራዩ በወር 25 ዶላር ቢሆን፣ እሱን ለመመለስ ብቻ 625 ደብዳቤ መላክ አለባችሁ፤ ቀለሙ ሳይቆጠር። ስንቶቻችን ነን ይህን ያህል የምንልከው? በየወሩ ብዙ ለሚልክ ይከራየው፣ ድካምም ይቀንስለታል። ለሌሎቻችን ግን ፎርኤቨር ቴምብር ይበቃል፤ ዋጋ ቢጨምርም የገዛነው ይሠራል። እኔ የምለው፣ ለዓመታት የሚያስር ውል ከመፈረማችሁ በፊት ያለፈውን ወር ደብዳቤ ቁጠሩ።